ገብቶ አለማየትም አለ

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ኮንዶሚኒየም ዲዛይን፣ ስለ ሲሚንቶና ብረት ዋጋ፣ አልያም ስለ ስቱዲዮ ጥበት ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነው። «የሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል ቡለቲን ላይ ቅርጫት ኳስ ምን ይሠራል?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው የስዕል ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከእኔ ጋር የገቡ ልጆች እንደሚያስታውሱት፣ ሦስተኛ ዓመትን ስጨርስ ዊዝድሮው ሞልቼ አንድ ዓመት ከግቢ ጠፍቼ ነበር። ምክንያቱ አሜሪካ የሚኖሩት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በመኪና አደጋ አከርካሪያቸው ተጎድቶ ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ስላቃታቸው፣ ቤተሰብ ተመካክሮ እኔ ሄጄ እንዳግዛቸው ተወሰነ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሳሉ ቅርጫት ኳስ ተጫውተዋል። አሜሪካ ከገቡ በኋላም ሥራ ውለው ማታ ኤንቢኤ በቴሌቪዥን ሳያዩ አይተኙም ነበር። ከአደጋው ወዲህ ግን አንድም ቀን አዳራሽ ገብተው አይተው አያውቁም። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ሰው ማስቸገር አልፈልግም።»

በጥር ወር እኔው ጎትጉቼ ቲኬት ገዛን። የከተማውንም የአዳራሹንም ስም አልጠራም። ማውራት የፈለግሁት ስለ አንድ አዳራሽ ጥፋት ሳይሆን ሁላችንንም ስለሚመለከት የዲዛይን ጥያቄ ነውና።

ምስጋናውን ላስቀድም። እዚያ አገር ለዊልቸር ተጠቃሚ ቲኬት መግዛት እንደ ውለታ የሚለመን ነገር አይደለም። በሕጉ መሠረት የዊልቸር ቦታ የገዛ ሰው፣ ክፍት ወንበር እስካለ ድረስ ከጎኑ በዚያው ረድፍ እስከ ሦስት ተጨማሪ ቲኬት መግዛት ይችላል። ከቤተሰቡ ተነጥሎ አይቀመጥም ማለት ነው። ዋጋው በዚያው የአዳራሹ ክፍል ካሉት ሌሎች መቀመጫዎች ሊበልጥ አይችልም። ለአንድ ጨዋታ ቲኬት ሲገዛም «የአካል ጉዳት ማስረጃ አምጣ» ተብሎ አይጠየቅም። እኛም እንደዚያው በቀላሉ ገዛን።

የጨዋታው ቀን መኪናችንን ለአካል ጉዳተኞች በተከለለው ቦታ አቆምን። ከመኪናው እስከ በሩ አንድም ደረጃ የለም። ሊፍቱ ጋ ቆሞ የሚያስተናግድ ሠራተኛ አለ። ሽንት ቤቱ ዊልቸር የሚያዞር ነው። ቦታችን ከታችኛው የመቀመጫ ክፍል በስተኋላ የተሠራ ጠፍጣፋ መደብ ሲሆን፣ ለእኔ ከጎናቸው ተጣጣፊ ወንበር ተቀምጦልኛል። ጋሼ ዙሪያውን ከቃኙ በኋላ ፈገግ ብለው «በከንቱ ነው ለካ ስፈራ የኖርኩት» አሉኝ። እኔም በልቤ፣ ስመለስ ስለዚህ አዳራሽ የምጽፈውን የሙገሳ ጽሑፍ መደርደር ጀምሬ ነበር።

የኤንቢኤ ጨዋታ እያንዳንዱ 12 ደቂቃ የሆነ አራት ክፍለ ጊዜ አለው። ሦስቱን ክፍለ ጊዜ ጋሼ እንደ ልጅ ተደስተው ነው ያዩት። አሰልጣኙን ይተቻሉ፣ ዳኛውን ይሰድባሉ፣ እኔ የማላውቀውን የጥንት ተጫዋች ስም ያነሳሉ። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ግን ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሆኑ። አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ከፊታችን ያለው ረድፍ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ።

አዎ፣ እኔም ተነስቻለሁ። ሳላስበው ነው። ከፊቴ ያለው ሰው ሲቆም አልታይህ አለኝና እግሬ በራሱ ቆመ። ኳሷ ከእጅ እጅ ስትገባ፣ ሰው ሲጮህ፣ እኔም ስጮህ ቆየሁና አንድ ነገር ልነግራቸው ወደ ጋሼ ዞር አልኩ። ከፊታቸው የአንድ ግዙፍ ሰው ጀርባ አለ። የማሊያው ቁጥር ልክ በዓይናቸው ትይዩ ነው። አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ሞከሩ፣ ወደ ቀኝም ሞከሩ። በመጨረሻ ቀና ብለው ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ትልቁን ስክሪን ማየት ያዙ። ያሸነፈችውን ኳስ ያዩት እዚያው ስክሪን ላይ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ያ ከፊት የቆመው ሰውዬ ዞሮ በደስታ እጃቸውን መታ። ክፉ ሰው አልነበረም። ያጠፋውም ነገር የለም።

መኪና ውስጥ ስንገባ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔም እኮ ቆምኩ» አልኳቸው። «ተው እባክህ፣ ኳስ ተቀምጦ አይታይም» ብለው አሳለፉት። ትንሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ግን እንደ ቀልድ አድርገው፣ «ቴሌቪዥን ለማየትማ ቤቴ ነበርኩ እኮ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጨዋታ እንሂድ ብዬ ብለምናቸው እሺ አላሉኝም።

እንግዲህ ነገሩን እንደ ሥነ ሕንፃ ተማሪ እናስላው። ጋሼ ዊልቸር ላይ ሲቀመጡ ዓይናቸው ከወለሉ 1.15 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፊታቸው ያለው ሰው ቁመቱ 1.75 ሜትር ነው እንበል። የጋሼ መደብ ከሰውዬው ወለል በ40 ሴ.ሜ. ከፍ ቢል ዓይናቸው ከሰውዬው ወለል ሲለካ 1.55 ሜትር ላይ ይሆናል። ሰውዬው ተቀምጦ ሳለ አናቱ 1.25 ሜትር ገደማ ስለሆነ እምብዛም አይከልላቸውም። ሲነሳ ግን አናቱ ከዓይናቸው በ20 ሴ.ሜ. ይበልጣል። በዚያ ላይ ሜዳው ያለው ከታች ነው። የእይታ መስመሩ ቁልቁል በየሜትሩ 30 ሴ.ሜ. ቢወርድና በሁለቱ መካከል 1.20 ሜትር ርቀት ቢኖር ሌላ 36 ሴ.ሜ. ይጨመራል። ሲደመር መደቡ ከፊተኛው ወለል 96 ሴ.ሜ.፣ ማለትም ወደ አንድ ሜትር ግድም ከፍ ማለት ነበረበት። 40 ሳንቲሙና 96 ሳንቲሙ ፕላን ላይ ልዩነታቸው አይታይም። ሁለቱም ላይ ያው የዊልቸር ምልክት ነው የሚሳለው። ልዩነቱ የሚወጣው ሴክሽን ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከፊት ያለው ሰው ቆሞ ሲሳል።

ይህን ጥያቄ ያነሳሁት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ከተመለስኩ በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። የአካል ጉዳተኞች መብት ሕጋቸው የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በዓመቱ የወጣው የግንባታ ደረጃ ለዊልቸር ተጠቃሚ ከሌላው ተመልካች ጋር የሚመጣጠን የእይታ መስመር ይሰጠው ይላል። ይሁንና ሰው ሲቆምስ? ለሚለው በግልጽ መልስ አልሰጠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ማብራሪያ ላይ፣ ተመልካቹ ይቆማል ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ የዊልቸር ተጠቃሚው ከቆሙት በላይ ማየት አለበት አለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ዋሽንግተን ከተማ መሐል ይገነባ በነበረው ኤም.ሲ.አይ. ሴንተር ላይ ነው። ዛሬ ካፒታል ዋን አሬና የሚባለው፣ ዊዛርድስ የሚጫወትበት አዳራሽ ማለት ነው። ግንባታው ሳያልቅ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓራላይዝድ ቬተራንስ ኦፍ አሜሪካ የተባለው የአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ከሰሰ። የማኅበሩ ጥያቄ በአጭሩ የጋሼ ጥያቄ ነው፦ ሌላው ሰው ሲቆም እኛ ምን እናያለን? ፍርድ ቤቱም ከሞላ ጎደል ሁሉም የዊልቸር ቦታዎች ከቆመ ሰው በላይ የሚያሳዩ መሆን አለባቸው ሲል ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ውሳኔውን አጸና። አዳራሹ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው።

የሚገርመው በዚያው ዓመት፣ በዚያን ጊዜ ሮዝ ጋርደን ይባል በነበረው የፖርትላንድ አዳራሽ ጉዳይ ሌላ ዳኛ ተቃራኒውን ወሰኑ። ደንቡ ይህን አያስገድድም አሉ። በአንድ አገር፣ በአንድ ሕግ፣ የአንዱ ከተማ ሰው ሊያይ የሌላው ከተማ ሰው ጀርባ ሊያይ ነው። ነገሩ እልባት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ ከማርች 2012 ጀምሮ ግዴታ የሆነው አዲሱ የግንባታ ደረጃ ከቆሙ ተመልካቾች በላይ የሚያሳየውን የእይታ መስመር በግልጽ ሲደነግግ ነው። በዚሁ ደረጃ 18,000 መቀመጫ ያለው አዳራሽ ቢያንስ 101 የዊልቸር ቦታ ይኖረዋል። ለመጀመሪያዎቹ 5,000 መቀመጫዎች 36፣ ከዚያ በላይ ላለው ለየ200 መቀመጫ አንድ እየተጨመረ ማለት ነው። ለየአንዳንዱም ቢያንስ አንድ የአጃቢ ወንበር አለ። ቦታዎቹ በአንድ ጥግ እንዲታጎሩ አይፈቀድም። ወደ ጎንም ወደ ላይም መበተን አለባቸው። እኛ የገባንበት አዳራሽ ይህ ሁሉ ከመጥራቱ በፊት የተሠራ ነበር።

እነዚያ የከሰሱት ወታደሮች ስለ ቅርጫት ኳስ የማያውቁ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። የዊልቸር ቅርጫት ኳስ እራሱ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 አካባቢ፣ በአሜሪካ የቁስለኛ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ነው። ቅርጫቱ ለእነሱ ተብሎ ዝቅ አላለም፤ ያው 3.05 ሜትር ነው። ሰዎቹ የጠየቁት ርኅራኄ አልነበረም። የከፈሉበትን ጨዋታ ማየት ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ለዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የበለጠ ሊያሳስበው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በዋሽንግተኑ ክስ የአዳራሹ ዲዛይነር ኤለርቢ ቤኬት አብሮ ተከሶ ነበር። ዳኛው ግን ሕጉ አርክቴክቱን አይመለከትም ብለው ከክሱ አወጡት። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በዚህ አልተወውም። ድርጅቱን ለብቻው ሚኒሶታ ላይ ከሰሰው። እዚያ ያለው ፍርድ ቤት አርክቴክትም ሊጠየቅ ይችላል አለ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1998 በስምምነት ሲያልቅ ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የሚነድፋቸው አዳዲስ የስፖርት አዳራሾች ከቆመ ሰው በላይ የሚያሳዩ እንዲሆኑ ቃል ገባ። እኔ ከሁለቱ ፍርዶች የሚኒሶታው ይበልጥ ልክ ነው እላለሁ። ባለቤቱ ሴክሽን አያነብም። ኮንትራክተሩ የተሰጠውን ነው የሚሠራው። ያ ሰው ሲቆም የጋሼ ዓይን የት እንደሚደርስ ሊያውቅ የሚችለው መስመሩን ያሰመረው ሰው ብቻ ነው።

በእኛም አገር ቢሆን ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች፣ በዊልቸር ለሚሄዱትም ጭምር፣ አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዋጅ ያጸደቀችው ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 ላይ ስፖርትና መዝናኛ ቦታዎች ለእነሱ ተደራሽ እንዲሆኑ ይጠይቃል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይህ አዋጅ ያወራው ስለ መግቢያ ነበር። እኛም ስንነድፍ የምናስበው መግቢያ ብቻ ነው። መግባት ግን ማየት አይደለም።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ የነደፍኩት የጂምናዚየም ፕሮጀክት አሁንም አልጋዬ ስር ተጠቅልሎ አለ። ከተመለስኩ በኋላ አውጥቼ አየሁት። በሩ ላይ ልኩን የጠበቀ ራምፕ አለ። የዊልቸር ምልክት ደግሞ አራት ቦታ፣ አራቱም ጎን ለጎን፣ ከቅርጫቱ ኋላ ጥጉ ላይ ተደርድረዋል። ለምን እዚያ? የተረፈኝ ቦታ እሱ ስለነበረ ነው። ከፊታቸው ደግሞ ተራ መቀመጫ ደርድሬያለሁ። ሴክሽኑን የቆረጥኩት በሌላ በኩል ነው። ጁሪው ላይ ስለ ጣሪያው ብረት ሃያ ደቂቃ ተጠየቅሁ። ስለ እነዚያ አራት ምልክቶች ማንም አንድ ቃል አልጠየቀኝም፤ ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። ያ ጂምናዚየም ቢሠራ ኖሮ ጋሼን የማስቀምጣቸው እዚያ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ዶርም ውስጥ ሳወራ ሦስት ዓይነት መልስ ሰምቻለሁ። አንደኛው «እዚህ አገር ራምፕ እንኳ በወጉ አልተሠራ፣ አንተ ስለ እይታ መስመር ታወራለህ» የሚል ነው። እውነት አለው። ግን አዳራሽ አንዴ ከተሠራ ሃምሳ ዓመት ይቆማል። ወረቀት ላይ መደቡን ከፍ ማድረግ የአንድ መስመር ጉዳይ ነው። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። አስቀድሞ ማሰብ የሚገባው ይበልጥ ድሃው ነው፤ ሁለቴ የሚሠራበት ገንዘብ የለውምና።

ሁለተኛው «በዊልቸር የሚመጣ ተመልካች ስንት አለ?» ይላል። እኔ ደግሞ መልሼ፣ ምን ሊያይ ይምጣ? እላለሁ። ጋሼ አንድ ጊዜ መጡ፣ ከዚያ በኋላ ቀሩ። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢቆጥር «ዊልቸር ተጠቃሚ አልመጣም» ብሎ ይጽፋል። ለምን እንዳልመጣ ግን በር ላይ ቆሞ አይታወቅም።

ሦስተኛው «ታዲያ ሰዉን ተቀመጡ ማለት አይሻልም?» የሚል ነው። አይሻልም። ኳስ ሲጦፍ የሚቆም ሰው ባለጌ አይደለም። እኔ የገዛ አጎቴን ይዤ ሄጄ እንኳ ቆሜያለሁ። አንድ ሰው ሌላውን ደስታህን ቀንስልኝ እያለ እንዲለምን የሚያደርግ ዲዛይን፣ የራሱን ሥራ በተመልካቹ ላይ የጣለ ዲዛይን ነው። መፍትሔው ሰዉ እንደሚቆም አስቀድሞ አውቆ መደቡን ማንሳት፣ ወይም ከፊቱ ያለውን ረድፍ ዝቅ ማድረግ ወይም መተው ነው።

ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ሩቅ አይደለም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። የስፖርት አዳራሽ፣ ቲያትር ቤት ወይም የመሰብሰቢያ አዳራሽ ፕሮጀክት ሲሰጥ፣ ከሚቀርቡት ስዕሎች አንዱ በዊልቸር ቦታው መሐል የሚያልፍ ሴክሽን ይሁን። በእሱም ላይ የተቀመጠው ሰው ዓይን፣ ከፊቱ የቆመ ሰው፣ ከዓይኑ እስከ ሜዳው ያለው መስመር ይሳል። መስመሩ ሜዳው ላይ ካልደረሰ ማርክ ይቀነስ። ፕላኑ ላይም ቦታዎቹ በአንድ ጥግ ታጉረው ከተገኙ፣ አጃቢ ወንበርም ከሌላቸው፣ መምህራን እባካችሁ ጠይቁን። ተማሪው የሚማረው የሚጠየቀውን ነው። ራምፕ መሳል የለመድነው ስለተጠየቅን ነው፤ ይህንንም ብንጠየቅ እንለምደዋለን።

እኔ በበኩሌ ያንን የድሮ ጂምናዚየም እንደገና እየሳልኩት ነው። ለውጤት አይደለም፣ ኮርሱ አልፏል። መደቡን ከፍ አድርጌ ቦታዎቹን በሦስት ጎን በትኛቸዋለሁ። ከጣሪያው ብረት ጋር አልስማማ ብሎኝ ሦስት ጊዜ አጥፍቻለሁ። ሲያልቅ ሴክሽኑን ለጋሼ እልክላቸዋለሁ። ስዕል ማንበብ አይችሉም፤ ግን ከፊታቸው ሰው ቆሞ፣ መስመሩ ከአናቱ በላይ አልፎ ሜዳው ላይ ሲያርፍ ያያሉ። ምናልባት ያን ጊዜ፣ አዲስ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ፣ ሌላ አንድ ጨዋታ እሺ ይሉኝ ይሆናል።